የትርፍ ጊዜ እጅ

በቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ልጆች ንጽሕና፣ ስለ ደመወዝ አያያዝ፣ ከረጅም ግዳጅ በኋላ ወደ ቤት ስለ መመለስ ብዙ ጊዜ አንብባችኋል። ከጻፉትም አንዱ እኔ ነኝ። የፖለቲካ መኮንን ሥራው መናገርና መጻፍ ስለ ሆነ ምክር መስጠት አይከብደውም። ዛሬ ግን ምክር ይዤ አልመጣሁም። በአንድ ስብሰባ ላይ ከአፌ ያመለጠችኝን አንዲት ቃልና፣ ያች ቃል ከመስከረም እስከ ኅዳር በቤቴ ያስከተለችውን ነገር ሳልቀባባ እንድጽፍ ራሴን አዝዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን የሚኖሩ የወታደር ሚስቶች በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና እየተፈራረቁ ይሠራሉ። የተቀደደ ሸሚዝ ይጠግናሉ፣ የልጆችን የትምህርት ቤት ልብስ ይሰፋሉ፣ የሰፋ ቀሚስ ያጠባሉ። አንዲቱ መኪና ስላልበቃቻቸው ከመረዳጃው ገንዘብ ሁለተኛ እንድትገዛላቸው ለኮሚቴው አመለከቱ። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ማመልከቻውን አንብቤ ከጨረስሁ በኋላ ሐሳብ እንድሰጥ ሳልጠየቅ ቀጠልሁና፣ «የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚሰጠው የትርፍ ጊዜ ውጤት ነው። በጋራ ገንዘባችን መጫወቻ ከምንገዛ፣ ልብሳችንን ከተማ ወስደን ለባለሙያ ብናሰፋ ይሻላል» አልሁ። አንዳንዶቹ ሣቁ። ጉዳዩም ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተብሎ ታለፈ። በሦስተኛው ረድፍ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ባለቤቴ ነበረች። እሷ አልሣቀችም።

እውነቱን ለመናገር ያ ቃል ለማሣቅ የተነገረ አልነበረም፤ አምኜበት ነው። በአካዳሚው በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ የተቀረጸብኝ ትምህርት ሙያ ሙሉ ሰው ይፈልጋል የሚለው ነው። ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ዓይናችን ተሸፍኖ እስክንችል ድረስ ደጋግመናል። ካርታና ኮምፓስ ይዘን በጨለማ ተጉዘናል፤ ስንሳሳትም ከመነሻው እንድንጀምር ተደርገናል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዝ አንሥቶ «አናጢ ነኝ» የሚለውን ቢንቅ አይፈረድበትም ብዬ አስብ ነበር።

ማስረጃም ነበረኝ። ባለፈው ዓመት ኤሌክትሪክ በትርፍ ጊዜው የሚነካካ አንድ ወጣት ወታደር፣ በቅን ልቡና ተነሣሥቶ፣ የክሊኒካችንን ማቀዝቀዣ ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኛለሁ ሲል መሥመር አሳሳተ። ማቀዝቀዣው ተቃጠለ። በውስጡ የነበረው የሕፃናት ክትባትም ተበላሸ። በዚያ ሳምንት ልጆቻቸውን ታቅፈው በፀሐይ የመጡ እናቶች ሳያስከትቡ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ወጣቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ያደገ ነው። ይወደው ነበር። መውደዱ ግን ማቀዝቀዣውን አላተረፈም።

ያን ዕለት ማታ በእራት ላይ ባለቤቴ ዝም አለች። ሳህኖቹን አነሣሥታ እጇን ከታጠበች በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እናቴ ባለሙያ ነበረች እያልህ ስትነግረኝ ኖረሃል። ለመሆኑ ደመወዟ ስንት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ወገኖቼ፣ እስቲ ይህን ቃል ልብ በሉት። በቋንቋችን «ባለሙያ» ሲባል ቢሮ ያለውም ደመወዝተኛ ባለሙያ ነው፤ ወጧ የጣፈጠላት፣ ፈትሏ የቀጠነላት የቤት እመቤትም ባለሙያ ናት። እናቴ ጥጥ የምትፈትለው ውኃ ቀድታ፣ ከብት አስገብታ፣ እኛን አስተኝታ በተረፋት ሰዓት ነበር። የመንደራችን ሸማኔ ግን የእሷን ፈትል ሲሰጡት ከሌላው ይልቅ ዋጋ ይቀንስ ነበር፤ ክሩ አይበጠስበትማ። የእናቴን እንዝርት መጫወቻ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቢያጋጥመኝ ኖሮ ምን እንደማደርገው አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያሰብሁት ግን ከጊዜ በኋላ ነው። በዚያች ሌሊት «ያ ሌላ ነው» ብዬ ተኛሁ።

መስከረም ሲያልቅ የመተማ ቆላ መልኩ ይለወጣል። የሰሊጡ ቅጠል ከታች ጀምሮ ይረግፋል፤ ግንዱ ቢጫ ይሆናል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ እህል አይደለም። ዘሩን የያዘው ከረጢት ከሥር ወደ ላይ ተራ በተራ ስለሚበስል፣ የታችኛው አፉን ሊከፍት ሲል የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ቀድመው ካጨዱት ዘሩ ይጨማደዳል። ከዘገዩ ደግሞ ነፋስ በነካው ቁጥር መሬት ላይ ይፈስሳል። በሁለቱ መካከል ያሉት ቀናት ጥቂት ናቸው። አብዛኛው የዓለም ሰሊጥ እስከ ዛሬ በሰው እጅ የሚታጨደውም በዚሁ አስቸጋሪ ጠባዩ ምክንያት ነው።

የአንድ ሃምሳ አለቃችን ሚስት ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሆና፣ የዕቁብ ገንዘቧን አውጥታ፣ ሁለት ሄክታር መሬት ተከራይታ ሰሊጥ ዘርታ ነበር። ከሚገኘው ገንዘብ የበኩር ልጇን ጎንደር ልካ ልታስተምር ነው። አረሙን ራሳቸው ሴቶቹ ሕፃን አዝለው አረሙት። አጨዳው ሲደርስ ግን የቀን ሠራተኛ ጠፋ፤ የተገኘውም በትላልቆቹ እርሻዎች አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ሃምሳ አለቃው እኔ ዘንድ መጥቶ ከግዳጅ ነጻ የሆኑ ወታደሮች ቅዳሜና እሑድ እንዲረዱት ለመነ። ሃያ ስድስት ሰው ተመዘገበ። እኔም መሪ ሆኜ ወጣሁ። እህል ማጨድ ምን ትምህርት ይፈልጋል?

ጎሕ ሳይቀድ ደረስን። ሃምሳ አለቃው ከእኛ በፊት ደርሶ፣ በማሳው ጠርዝ፣ ሰሊጡ ከስቶ በቀረበት በኩል ብቻውን ያጭድ ነበር። ከመካከላችን ሰሊጥ አጭዶ የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለ ሆነ ገረመኝ።

«ዋናው ሰብል መካከል ላይ ነው፤ አንተ ደግሞ ዳር ዳሩን ምን ታደርጋለህ?» አልሁት።

«መቶ አለቃ፣ ማጭድ ከጨበጥሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። እጄ ቀዝቅዟል። እስኪመለስ ድረስ የምሳሳተው በዚህ በከሳው ላይ ይሁን ብዬ ነው» አለኝ።

በዚያ ሰዓት ቃሉን ቁም ነገር ብዬ አልያዝሁትም። ቀጥ ብዬ ወደ መካከሉ ገባሁና ማጭዴን እንደ ሣር አጫጅ ወዘወዝሁት። አንዱን ጭብጥ ቆርጬ ወደ ትከሻዬ ሳነሣው እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ብዬ ባይ በጥቁሩ ዋልካ ላይ ነጭ ዘር ተበትኗል። የሃምሳ አለቃው ሚስት ከኋላዬ ነበረች። ምንም አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ጫፍ ዘሩን ከአፈሩ ለመልቀም ሞከረች፤ ጥቂት ለቅማ ተወችው። ያን ጊዜ ባሏ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መቶ አለቃ፣ ማጭዱን አይወዝውዙት። ሰሊጥ አይመታም። በግራ እጅዎ ይያዙት፤ ከሥሩ አንድ ጊዜ ይሳቡት፤ ሳያናውጡ እንደ ቆመ ያውጡት። ፀሐይ ከመበርታቱ በፊት ጤዛው ሳለ ነው ሩጫው። ከረፈደ በኋላ ከነካነው ይረግፍብናል።»

ሃያ ስድስት ሰው በአንድ ሃምሳ አለቃ ትእዛዝ ሥር ዋለ፤ ከሃያ ስድስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። የሰውየውን እጅ ስመለከት ዋልሁ። አይቸኩልም፤ ነገር ግን ማንም አይደርስበትም። እግሩን የሚያኖርበት ቦታ፣ ነዶውን የሚያሥርበት አኳኋን፣ ያሠረውን የሚያቆምበት ጥንቃቄ፣ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ይህ ሰው ሰሊጥ ያጨደው በዕድሜው ሦስት ወቅት ብቻ ነው። አንዱ ወቅት ከሁለት ወር አይበልጥም። ቢደመር ግማሽ ዓመት መሆኑ ነው።

የት እንደ ተማረው ጠየቅሁት። ገዳሪፍ ነው አለኝ። የበለሳ ልጅ ነው፤ ወደ ሠራዊቱ ከመግባቱ በፊት የአባቱን እርሻ እየተወ፣ በመተማ በኩል ገላባትን ተሻግሮ፣ በዶካ አልፎ ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ተጉዞ ለአጨዳ ይወርድ ነበር። የገዳሪፍ ሰፊ እርሻ ዓይን እስኪያቅተው ድረስ ሜዳ ነው ይላል። በትራክተር መታረስ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ማሽላ ለማቅረብ ነበር። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ የታወቀ የሰሊጥ ገበያ ሆነ። ትራክተሩ ያርሳል፣ ይዘራል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ግን ሥራው ወደ ሰው እጅ ይመለሳል። ስለዚህ ከምዕራብ ሱዳንም ከእኛ ደጋም ገበሬው ማጭዱን ይዞ ይጎርፋል። ወባና ካላዛር ሁልጊዜ አብረውት አሉ። ከተመለሱት ብዙዎቹ ገንዘብ ይዘው፣ አንዳንዶቹም ትኩሳት ይዘው ነው።

ይህን ሰው ማን ባለሙያ ብሎ ይጠራዋል? የምስክር ወረቀት የለውም። መታወቂያው ላይ «ሰሊጥ አጫጅ» የሚል ሙያ አይጻፍም። በአገሩ ገበሬ ነው፤ በገዳሪፍ የቀን ሠራተኛ ነው። ሃምሳ አለቃውን ያስተማሩት ግን አንድ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ማታ ልጁ ከቆመው ክምር ሥር ነጠላቸውን ያነጥፉና ጠዋት የረገፈውን ዘር በመዳፋቸው አፍሰው ያሳዩት ነበር። «ይህ ያንተ እራት ነበር» ይሉታል። ዘሩ የሌላ ሰው ነው። እሳቸው ግን እንዲህ ነበር የሚሉት።

ይህ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ ይህንኑ ጥያቄ ከእኔ በፊት በሌላ መልኩ አይቶታል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት፣ ከተማውም በስማቸው መተማ ዮሐንስ በተባለበት አካባቢ፣ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ጦርነት ሆነ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት 10ኛው የሕንድ ብርጌድ፣ ኋላ ታላቅ የጦር መሪ በሆነው በዊልያም ስሊም አዛዥነት፣ ገላባትን ከኢጣሊያ እጅ ለማስለቀቅ ዘመተ። ሙሉ ጊዜያቸውን በጦር ሙያ ያሳለፉ ሰዎች ነበሩ። ምሽጉን በጠዋት ያዙ። ነገር ግን አብዛኞቹ ታንኮቻቸው በድንጋይና በፈንጂ ተሰናከሉ፣ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሰማዩን ያዙ፣ የያዙትንም ለቅቀው ተመለሱ፤ መተማንም አልደረሱባትም። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ 1932 ዓ.ም.፣ ከዶካ ተነሥቶ በዚሁ ጠረፍ ወደ ጎጃም የገባ አንድ ትንሽ ቡድን ነበር። መሪው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከጦርነቱ በፊት ከአዲስ አበባ አጠገብ ሙሉ በተባለ ቦታ እርሻ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ሊያገኟቸው የሄዱትም አርበኞቻችን አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ማንም ደመወዝ አልቈረጠላቸውም፣ ማንም አካዳሚ አላስገባቸውም። አምስት ዓመት ሙሉ ግን ያን ጠላት እንቅልፍ ነስተውታል።

ይህን ስጽፍ ግን ጥንቃቄ ይገባኛል። ገበሬ ሁሉ ከወታደር ይሻላል አላልሁም። ብርጌዱም ትንሽ ቆይቶ በሌላ ግንባር ድል አድርጓል። አርበኛው የሚያውቀው የራሱን ገደል፣ የራሱን ምንጭ ነው፤ በስሕተቱም የሚቃጠለው የራሱ ጎጆ ነው። ከሰሊጡ ማሳ ላይ ያየሁት ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰልብኝ ጀመር።

ደግሞ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። በየዓመቱ ለአዲስ ምልምሎች ስለ አበበ ቢቂላ ንግግር አደርጋለሁ። የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ በጳጉሜ 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ፤ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱ ከተቀደደ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ደገመው፤ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. ደግሞ ያው የክብር ዘበኛ ልጅ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛውን አመጣ እላለሁ። ምልምሎቹ ያጨበጭባሉ። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ደንብ በሩጫው ገንዘብ የሚያገኝን ሰው ከውድድር ይከለክል እንደ ነበር ግን በንግግሬ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። በወረቀት ላይ ሁለቱም ለፍቅሩ የሚሮጡ ሰዎች ነበሩ። እንጀራቸው ወታደርነት ነው። እርግጥ ነው፣ አሠልጣኛቸው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሰዓት ይዘው ይጠብቋቸው ነበር። የሰዓቱ መቁጠሪያ ደግሞ ለደመወዝተኛና ለሌላው የተለየ ሴኮንድ አይቆጥርም። እኔ ይህን ታሪክ ለስንት ዓመት ስናገር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ራሴ ሰምቼው አላውቅም ማለት ነው።

ወደ ሰሊጡ ልመለስ። የታጨደው ነዶ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ በዚህ አገር ሂላ በሚሉት ክምር ቆሞ ሁለት ሳምንት ያህል ይደርቃል። ከዚያም ሸራ ይነጠፍና ነዶው በላዩ ተዘቅዝቆ በቀስታ ይመታል። የሸራ ዋጋ ከአቅማቸው በላይ ስለ ሆነ ሴቶቹ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፋፍተው ሊጠቀሙ ወሰኑ። ስምንት ያስፈልግ ነበር። ባለቤቴ ስድስቱን ልትሰፋ ወሰደች። የቀሩትን ሁለት እኔ ከተማ ወስጄ ለአንድ ልብስ ሰፊ ሰጠሁ፤ ከኪሴም ከፈልሁ። ለባለቤቴ «እንዲፈጥንላችሁ ብዬ ነው» አልኋት። ከእሷም ከራሴም የደበቅሁት አሳብ ግን የሁለቱን ስፌት ጎን ለጎን አንጥፎ ማሳየት ነበር።

ከሌሊቱ በአንዱ ስነቃ ፋኖሱ በርቷል። ባለቤቴ የሰፋችውን ጆንያ በሁለት ወንበሮች መካከል ወጥራ፣ ከሥሩ ጥቁር ሻሿን አንጥፋ፣ በላዩ አንድ ጣሳ ሰሊጥ አፍስሳ በእጇ ታንቀሳቅሰዋለች። ከዚያ ሻሹን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ መቁጠር ጀመረች። አሥራ ሁለት ፍሬ ሰሊጥ። ተቀመጠችና የሰፋችውን ሁሉ ፈታች። እኔ እንደ ተኛ ሰው ሆኜ አየሁ። በማግሥቱ ሌሊት ደገመችው፤ አምስት ፍሬ። አሁንም ፈታችው። በሦስተኛው ግን የእኔን ሱሪ ከሳጥን አውጥታ፣ በእግሩ በኩል ያለውን አንዱ ጠርዝ በሌላው ውስጥ ታጥፎ የሚቆለፍበትን ስፌት ገልብጣ ስትመለከት ቆየች። ያን ሱሪ ስንት ጊዜ እንደ ጠገነችው አላውቅም። ጆንያውን እንደዚያው አጥፋ ሰፋችው፤ ክሩንም በሰም አሸችው። ሻሹ ላይ ምንም አልወደቀም።

ልቤ በዚያ ሌሊት ተለውጧል ብል ውሸት ይሆንብኛል። «ይህን ያህል ሌሊት ከሚፈጅ» ብዬ ነበር ያሰብሁት።

የመውቂያው ቀን ደረሰ። ሸራዎቹ ተነጠፉ፤ ነዶው ተዘቅዝቆ ተመታ። ዘሩ ሲወርድ ያለው ድምፅ ደስ ይላል፤ የዝናብ ድምፅ ነው፤ ይህኛው ዝናብ ግን በቦታው ላይ የሚወርድ ነው። ሲያበቃ ሸራዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። እኔ ካመጣኋቸው ከሁለቱ ሥር፣ በጥቁሩ አፈር ላይ፣ ልክ በስፌቱ ትይዩ፣ በኖራ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መሥመር ቀርቶ ነበር። የሃምሳ አለቃው ሚስት አየችው። እኔም አየሁት። ከባለቤቴም ስድስት አንዱ በማዕዘኑ በኩል አፍስሷል። ይህን ከሁሉ በፊት ያየችው እሷው ነበረች፤ ከሸራው ሥር ተንበርክካ፣ ከነጠላዋ ጫፍ መርፌ ነቅላ፣ ቀዳዳውን እዚያው ዘጋችው።

በልብስ ሰፊው ላይ ቅሬታ የለኝም። እኔ የለበስሁትን ኮት የሰፋው እሱ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ኮት የለኝም። ሸራው ለምን እንደሚፈለግ አልነገርሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሰፍቶ ሰጠኝ፣ ተቀብዬ ሄድሁ፤ ከሰሊጡ ጋር አልተገናኘም። ባለቤቴ ግን የፈሰሰውን ሰሊጥ የምታየው የጎረቤቷ ዓይን ውስጥ ነው። በጎንደር አካባቢ፣ ወለቃን በመሳሰሉ መንደሮች፣ በጥንት ጊዜ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡት ቤተ እስራኤል ብዙዎቹ በጭሰኝነት ያርሱም ነበር። አገሩ በክፉ ስም እየጠራ ይንቃቸው ነበር፤ ማረሻ ሲያስፈልገው ግን ወደ እነሱ ነበር የሚሄደው። ብዙ ሺሕ የሚሆኑት በ1977 ዓ.ም. በዚሁ ጠረፍ አልፈው፣ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት መጠለያዎች ከርመው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በመንገድና በመጠለያው ሞተው፣ የተረፉት ወደ እስራኤል ሄዱ። የቀጠቀጠውን ማረሻ በራሱ ሞፈር ላይ አግብቶ በራሱ ማሳ የሚያርስበት አንጥረኛ፣ ብረቱ ቶሎ ቢዶለዱም ሌላ ሰው እንዲነግረው አይጠብቅም።

የምለውን አሳጥሬ ልናገር። የሰውን እጅ የሚያበስለው የሰዓቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱ ተመልሶ ወደ እሱ መምጣቱ ነው። ሬዲዮ የሚነካካው ወጣት በሬዲዮው ላይ ቢሳሳት ሬዲዮው ዝም ይላል፤ ያ ብቻ ነው። የቀዘቀዘ እጅ በከሳ ማሳ ጠርዝ ላይ ይጀምር የሚለውን ማንም አላስተማረውም። ከክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ጀመረ። ሁሉ ሥራ ግን የከሳ ጠርዝ አለው አልልም። ፈንጂ ለማምከን፣ ደም የሚፈሳትን ወላድ ለማትረፍ፣ በቀዘቀዘ እጅ የሚሞከርበት ቦታ የለም፤ በእነዚህ ላይ ዛሬም የድሮ አቋሜ ጸንቶ ይኖራል።

ራሴንም ቆጥሬአለሁ። መኮንን ነኝ፤ ደመወዜም የወታደር ነው። አብዛኛውን ቀኔን ግን የማሳልፈው በስብሰባ፣ በሪፖርትና በዚህ ጋዜጣ ነው። በመጨረሻው የተኩስ ልምምድ ከ20 ጥይት 11 አገባሁ። የወጥ ቤቱ አሥር አለቃ፣ ሽንኩርት ሲከትፍ ውሎ መጥቶ፣ 17 አገባ። ኮሚቴው ፊት ቆሜ «የትርፍ ጊዜ ሥራ» ያልሁት እኔ በጠመንጃ በኩል የትርፍ ጊዜ ሰው መሆኔን ያን ቀን አላሰብሁትም ነበር። ለሚቀጥለው ልምምድ ከአሥር አለቃው ጋር በየሳምንቱ ለመውጣት ተነጋግረናል። «መጀመሪያ ከቅርቡ ዒላማ እንጀምራለን» ብሎኛል፤ ቅር አላለኝም።

ከሁለቱ ሄክታር ስንት ኩንታል እንደ ወጣ የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። ልጅቱ ጎንደር ገብታ ትማራለች። በእኔ እጅ የረገፈው ሰሊጥ ስንት ደብተር ይገዛላት እንደ ነበር ግን አልፎ አልፎ አስባለሁ።

ባለቤቴን ይቅርታ የጠየቅሁት በኅዳር ነው። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ የፖለቲካ መኮንን ሆኖ መቅረት ከባድ ነው። መኪናዋ ላይ እንደ ተቀመጠች ጀመርሁ። እሷም ሳታቋርጠኝ ሰምታ ስታበቃ፣ «ይህን እዚያው በተናገርህበት ቦታ ተናገረው» አለችኝ።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ይሰበሰባል። አጀንዳውን የምጽፈው እኔ ስለ ሆንሁ፣ ሁለተኛዋን የስፌት መኪና በአራተኛ ተራ ጽፌ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ተውሁት። ባለቤቴ አይታ «ለምን አራተኛ?» አለች። ሰርዤ ወደ ሁለተኛ ተራ አወጣኋት። አሁንም ወረቀቱን አየችና፣ «የመጀመሪያውስ ምንድን ነው?» አለችኝ።

የክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ነው አልኋት።

«እሱስ ይቅደም» አለች፤ ተመልሳም ወደ ስፌቷ ዞረች።